«ፊልሙ ካለ ዳንሱ አልጠፋም» እና ሌሎች ስህተቶች

ስለ ጄምዚ ደ ላፕ በተወራ ቁጥር አንድ ጥያቄ አይቀርም፦ «ፊልሙ እያለ እሷ ከመጥፋት ምን አስተረፈች?» ደ ላፕ (1922–2017፤ ዓመታቱ ሁሉ እ.ኤ.አ. ናቸው) የኮሪዮግራፈሯን (የዳንስ ፈጣሪዋን) የአግነስ ደ ሚልን ዳንሶች፣ በተለይ «ኦክላሆማ!» በተባለው ሙዚቃዊ ቴአትር ውስጥ ያሉትን፣ ለተከታታይ ትውልድ ያስተማረች አሜሪካዊት የሙዚቃዊ ቴአትር ዳንሰኛ ናት። ጥያቄው ከመሰልቸቱ በላይ ጉዳት ያመጣል፤ ብዙ ቡድን በዚሁ ሰበብ የተበላሸ ዳንስ ለሕዝብ ያቀርባል።

«ፊልሙ ካለ ዳንሱ አልጠፋም።»
«ኦክላሆማ!» በኒው ዮርክ የቴአትር ሰፈር፣ በብሮድዌይ፣ መድረክ ላይ የወጣው በ1943 ነው፤ ፊልሙ የተሠራው በ1955። የፊልሙንም ዳንስ ያዘጋጀችው ደ ሚል ብትሆንም ፊልሙ የመድረኩ ግልባጭ አይደለም። በመድረኩ፣ ዋናዋ ገጸ ባሕርይ ላውሪ የምታልመውን በሚያሳየው የሕልም ዳንስ ውስጥ፣ ላውሪን፣ ፍቅረኛዋን ኩርሊንና የምትፈራውን ጀድን በሚጫወቱት ተዋንያን ፋንታ የሚጨፍሩ ሦስት ዳንሰኞች ነበሩ። በፊልሙ ግን ጀድን የሚጫወተው ተዋናዩ ሮድ ስታይገር ራሱ ነው፤ ባለሙያ ዳንሰኛ ስላልሆነ ያንን ክፍል ከእሱ መቅዳት አያዋጣም።

ካሜራው የላውሪን ፊት ሲያቀርብ፣ ከኋላ ያሉት ዳንሰኞች በዚያች ቅጽበት የት እንደቆሙ፣ በየትኛው እግር እንደተነሱ አይታይም። ምስሉ በተቆረጠ ቁጥር ቆጠራው (እርምጃው በሙዚቃው ስንተኛ ምት ላይ እንደሚውል) ይጠፋል። ከስክሪን ፊት ለፊት ቆሞ የሚያጠና ሰው ደግሞ ግራውን ቀኝ ያደርገዋል። በቀረጻው ዕለት አንዱ የሳተው እርምጃም እንደ ትክክለኛ ተቆጥሮ ይወረሳል።

ቪዲዮ አያስፈልግም ማለት አይደለም፤ አያያዙን ማወቅ ነው። አንድ ካሜራ ከፊት፣ ሳይንቀሳቀስ፣ መላውን መድረክ ይቅረጽ፤ ሌላው ከጀርባ። ከዚያ አንድ ዳንሰኛ ብቻ እየተከተላችሁ ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ እዩት፤ ለእያንዳንዱ ሰው እንዲሁ ድገሙት። ደብተር ላይ የሙዚቃውን ባር (የምት ክፍል) ቁጥር፣ ቆጠራውን፣ ክብደት ያረፈበትን እግር፣ የመድረክ ቦታውን፣ ዓይን የሚያይበትን አቅጣጫ ጻፉ። አብዛኛው ሰው ክብደቱን ይዘለዋል። እሱ ካልተጻፈ ግን ቀጣዩ እርምጃ በየትኛው እግር እንደሚነሳ አይታወቅም፤ ሁሉም በመሰለው ይነሳና መስመሩ ይበታተናል።

«እርምጃው ከተያዘ በቃ።»
አልበቃም። በሕልሙ ሠርግ ላይ የላውሪን ዓይነ ርግብ የሚገልጠው ኩርሊ ሳይሆን ጀድ ነው። ቀና የምትለው ፍቅረኛዋን እየጠበቀች ነው። ዳንሰኛዋ ቆጠራውን ጠብቃ፣ ግን ጀድ እንደሆነ አስቀድሞ የምታውቅ ሆና ከመጣች፣ ትከሻዋ ያሳብቅባታል፤ ድንጋጤውም ይሞታል። ይህን ቪዲዮ አይናገርም፤ የሚናገረው ሚናውን የሠራ ሰው ነው። ደ ላፕ ይህን ሚና በ1947 ለንደን በድሩሪ ሌን ቴአትር ቤት ጨፍራዋለች፤ በ1979ኙ የብሮድዌይ ዝግጅትም የደ ሚልን ዳንሶች መልሳ ያቆመችው እሷ ናት።

«የጨፈረው ሁሉ ያስተምረዋል።»
የራሱን ድርሻ ያስተምር ይሆናል፤ መላውን ዳንስ ግን አይደለም። ኮሪዮግራፈሩም ራሱ ይረሳል፦ ጀሮም ሮቢንስ በ1989 የቀድሞ ሥራዎቹን ሰብስቦ ሲያቀርብ፣ የጎደለውን ለመሙላት የድሮ ዳንሰኞቹን መጥራት ነበረበት።

«ዳንስ በጽሑፍ አይሰፍርም።»
ይሰፍራል። ላባን የሚባለው የዳንስ አጻጻፍ ከታች ወደ ላይ ይነበባል፤ የመሐል መስመሩ ሰውነትን ግራና ቀኝ ይከፍላል። የምልክቱ ቅርጽ አቅጣጫን፣ ርዝመቱ ጊዜን ያሳያል። ውስጡ ጥቁር ከሆነ ዝቅ፣ ነጥብ ካለው መካከለኛ፣ በሰያፍ መስመር ከተሞላ ከፍ ያለ እንቅስቃሴ ነው። ቢሆንም አንባቢው ጥቂት ነው፤ ስለዚህ ጽሑፉም አስተማሪውም ያስፈልጋሉ።

«ዳንሰኛ በሠላሳ አምስት ዓመቱ አለቀለት።»
ደ ላፕ በ2011፣ በ89 ዓመቷ፣ በሰሜን ካሮላይና የኪነጥበብ ዩኒቨርሲቲ ተማሪዎችን የ«ኦክላሆማ!»ን ዳንስ አስተምራለች።

«የሚያስተርፍ ሰው ፈጣሪ መሆን ያቃተው ነው።»
ይህ ንቀት ነው። በ2007 የቶኒ (የብሮድዌይ ቴአትር ሽልማት) የክብር ሽልማት የተሰጣት በዚሁ ሥራ ነው።

«የቴአትሩን ፈቃድ ከገዛን ዳንሱም የኛ ነው።»
የቃለ ተውኔቱና የዘፈኑ ፈቃድ ኮሪዮግራፊውን የግድ አያካትትም። ኮሪዮግራፈሯ ሃንያ ሆልም ለ«ኪስ ሚ፣ ኬት» ሙዚቃዊ ቴአትር ያዘጋጀችው ዳንስ በላባን ተጽፎ በ1952 በቅጂ መብት ተመዝግቧል። የአሜሪካ ሕግ ደግሞ ከ1978 ጀምሮ ኮሪዮግራፊን በስም ጠርቶ ይጠብቃል። ልምምድ ሳትጀምሩ ፈቃድ ሰጪውን «ዋናው ኮሪዮግራፊ ተካቷል? አስተማሪስ ትልካላችሁ?» ብላችሁ ጠይቁ፤ መልሱን በጽሑፍ ያዙ።