በአዲስ አበባ ዳር ያሉ ትንንሽ የዌብሳይት ሠሪዎች

ዌብሳይት የሚሠሩ ትልልቅ ድርጅቶችን ቦሌ ወይም ካዛንቺስ አካባቢ ታገኟቸዋላችሁ። ትንንሾቹ ያሉት ግን ከተማው ጫፍ ላይ ነው፤ አያት፣ የካ አባዶ፣ ቦሌ አራብሳ፣ ቱሉ ዲምቱ፣ ኮዬ ፈጬ፣ ጀሞ። አብዛኛውን ጊዜ አንድ ሰው ነው፤ ቢበዛ ሁለት ወይም ሦስት። ቢሮው የኮንዶሚኒየም ሳሎን ነው። ንብረቱ ላፕቶፕ፣ ስልክና ዋይፋይ። ከዚያ ሳሎን ውስጥ የአስጎብኚ ድርጅት፣ የግል ትምህርት ቤት፣ የክሊኒክና የቡና ላኪ ዌብሳይት ይወጣል።

ወደ ዳር የወሰዳቸው በዋናነት ኪራይ ነው። የኮንዶሚኒየም ግንባታ በ1990ዎቹ መጨረሻ ሲጀመር መሃል ከተማ ውስጥም ቤት ይሠራ ነበር። እየቆየ ትልልቆቹ ሳይቶች ወደ ዳር ወጡ። ወጣት ባለሙያ በአቅሙ የሚከራየው፣ ዕጣ የደረሰው ቤተሰብም የሚገባው እዚያ ነው። በደቡብ ምሥራቅ በኩል ሌላም ምክንያት አለ። የአዲስ አበባ ሳይንስና ቴክኖሎጂ ዩኒቨርሲቲ ያለው ቂሊንጦ ነው፤ ቱሉ ዲምቱና ኮዬ ፈጬ ጎረቤቶቹ ናቸው። ሶፍትዌር ተምሮ የወጣ ልጅ ሰፈሩን ሳይለቅ ሥራ ቢጀምር አይገርምም።

ፈቃድና አድራሻ

ብዙዎቹ ቲን ቁጥርና ንግድ ፈቃድ አውጥተው በግል ስማቸው ይጀምራሉ። በ2013 ዓ.ም. የወጣው የንግድ ሕግ፣ አዋጅ ቁጥር 1243፣ አንድ ሰው ብቻውን ኃላፊነቱ የተወሰነ የግል ማኅበር እንዲያቋቁም ፈቅዷል። ከዚያ በፊት ቢያንስ ሁለት ሰው ያስፈልግ ስለነበር ወንድም ወይም እህት ለስም ያህል ይገባ ነበር።

ከተማው ዳር ላይ አድራሻ ራሱ ጉዳይ ነው። ለሚ ኩራ ክፍለ ከተማ የተቋቋመው በ2013 ነው። ቡራዩን፣ ሰበታን፣ ሱሉልታን፣ ለገጣፎንና ገላንን የያዘው ሸገር ከተማ ደግሞ በ2015 ተመሠረተ። ስለዚህ ከአያት ትንሽ አለፍ ብሎ ለገጣፎ የተከራየ ሰው በኦሮሚያ ክልል ሥር ባለ ከተማ ነው የሚኖረው፤ የንግዱ አድራሻ እዚያ ከሆነ ፈቃዱንም ግብሩንም የሚጨርሰው እዚያ ነው። ይህን የቤት ውል ከመፈራረም በፊት ማጣራት ነው። የንግድ ፈቃዱ እድሳት ከሐምሌ 1 እስከ ታኅሣሥ 30 ያለ ቅጣት ይካሄዳል።

ደንበኛ፣ ቀብድና የማይመጣው ጽሑፍ

ደንበኛ የሚገኘው በሰው በሰው ነው። አንድ ትምህርት ቤት ከተሠራለት የባለቤቱ ጓደኛ ሌላ ትምህርት ቤት አለው። ከዚያ የመጀመሪያው ጥያቄ ይመጣል፤ "ቴሌግራም ቻናል አለኝ፣ ዌብሳይት ምን ያደርግልኛል?" ጥያቄው ተገቢ ነው። ለሰፈሩ ሰው ጫማ የሚሸጥ ሱቅ ቴሌግራምና ቲክቶክ ይበቃዋል፤ እንዲህ ብሎ በግልጽ የሚነግረውን ባለሙያ አከብራለሁ። ውጭ አገር ካለ ሰው ጋር የሚሠራ አስጎብኚ ወይም ቡና ላኪ ግን የተለየ ነው። ገዢው ስሙን ጎግል ላይ ፈልጎ ካጣው፣ ኢሜይሉም በድርጅቱ ስም ካልሆነ፣ ጨዋታው እዚያው ያበቃል።

ሥራ የሚጀመረው በቀብድ ነው፤ አንዱ ግማሹን፣ ሌላው ሲሶውን ይቀበላል። ድርጅት ከሆነ አስቀድሞ ፕሮፎርማ ይጠይቃል፣ ሲከፍልም ደረሰኝ ይፈልጋል። የመንግሥት በጀት ዓመት ሰኔ 30 ስለሚዘጋ በሰኔ ውስጥ የፕሮፎርማ ጥያቄ ይበረክታል። ሁሉም "ቶሎ፣ ቶሎ" ይላል፤ መስከረም ላይ ግን ጸጥ ነው።

ትልቁ ራስ ምታት ሌላ ነው። ዲዛይኑ አልቋል፣ ገጾቹ ተሠርተዋል፣ ጽሑፉና ፎቶው ግን ከደንበኛው አልመጣም። "ነገ እልካለሁ" ይላል። ነገ ሌላ ነገ ይወልዳል። የመጨረሻው ክፍያ "ሲያልቅ" ተብሎ የተጻፈ ከሆነ ሥራው ወራት ይንጠለጠላል፣ ገንዘቡም እንደዚያው። ልምድ ያላቸው ሠሪዎች ውሉ ላይ ሁለት ነገር ያስገባሉ። አንደኛ፣ ሁለተኛው ክፍያ የሚከፈለው ዲዛይኑ በጸደቀ ቀን ነው። ሁለተኛ፣ ጽሑፍ ዲዛይኑ ከጸደቀ በኋላ በተወሰነ ጊዜ ውስጥ ካልመጣ ሥራው እንዳለቀ ተቆጥሮ ቀሪው ይከፈላል። ሌላው መንገድ ደንበኛው ጋ ሄዶ፣ ስልክ ላይ ድምፁን ቀድቶ፣ ጽሑፉን ራስ መጻፍ ነው። ይህ በዋጋው ውስጥ ሊገባ የሚገባው ሥራ ነው፤ በነፃ የሚሠሩት ግን ይበዛሉ።

ደንበኛው ጋ መሄድ ለዳር ነዋሪ ቀላል አይደለም። በመስከረም 2008 ሥራ የጀመረው ቀላል ባቡር አንዱ መስመሩ አያት፣ ሌላው ቃሊቲ ይደርሳል። ከኮዬ ፈጬ ወይም ከአራብሳ ለሚነሳ ሰው ግን መጀመሪያ ታክሲ፣ ከዚያ ሌላ ታክሲ ነው። መርካቶ ያለን ደንበኛ ለአንድ ሰዓት ማነጋገር ግማሽ ቀን ይበላል። ቀጠሮዎችን በአንድ ቀን ሰብሰብ ማድረግ የተለመደ ዘዴ ነው።

ወጪ በዶላር፣ ገቢ በብር

ዶሜይን (የዌብሳይቱ አድራሻ ስም) እና ሆስቲንግ (ዌብሳይቱ የሚቀመጥበት ሰርቨር ኪራይ) በአብዛኛው ከውጭ ነው የሚገዙት፤ የሚከፈለውም በዶላር ነው። ተራ የብር ኤቲኤም ካርድ እዚያ አይሠራም። አንዳንዱ ውጭ ያለ ዘመዱን ያስከፍላል። ሌላው በብር ከሚሸጥ የአገር ውስጥ አቅራቢ ይገዛል። በኢትዮ ቴሌኮም በኩል የሚሰጠው ነጥብ ኢቲ (.et) ዶሜይንም አለ።

ሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. የውጭ ምንዛሪ በገበያ እንዲወሰን ሲደረግ፣ 57 ብር አካባቢ የነበረው ዶላር በአንድ ቀን 74 ብር ገባ፤ ብዙም ሳይቆይ ከ100 አለፈ። ለዓመት ሆስቲንግ በብር ዋጋ ቆርጠው የተዋዋሉ ትንንሽ ሠሪዎች ልዩነቱን ከኪሳቸው ከፈሉ። ከዚያ ወዲህ ፕሮፎርማ ላይ "ሆስቲንግና ዶሜይን በዕለቱ ምንዛሪ" የሚል መስመር መጨመር ብልህነት ነው።

ክፍያ መቀበል ግን ቀሏል። ቴሌብር በግንቦት 2013 ሥራ ጀመረ፤ ኤምፔሳ በነሐሴ 2015 ተከተለ። እንደ ቻፓና አሪፍፔይ ያሉ የክፍያ አገልግሎቶች ዌብሳይት ላይ ሲገጠሙ ገዢው ከባንኩ ወይም ከሞባይል ገንዘቡ ይከፍላል። የቀድሞው ልማድ የባንክ ዝውውር ስክሪንሾት በቴሌግራም መላክ ነበር፤ አሁንም አልጠፋም። ስትራይፕ የተባለው ዓለም አቀፍ የክፍያ አገልግሎት ኢትዮጵያ ውስጥ ላለ ድርጅት አካውንት ስለማይከፍት፣ ከውጭ ጎብኚ ቀብድ መቀበል ለአስጎብኚዎች አሁንም ራሱን የቻለ ጣጣ ነው።

መብራትና መስመር

መብራት ሲሄድ ላፕቶፑ ጥቂት ሰዓት ይቆያል፤ ዋይፋዩ ግን ወዲያው ይጠፋል። ለዋይፋይ ብቻ የሚሆን ትንሽ ዩፒኤስ (መብራት ሲሄድ የሚተካ ባትሪ) መግዛት ከሁሉ የሚያዋጣ ወጪ ነው። መንገድ ሲቆፈር ፋይበር ይቆረጣል፤ ለዚህ የሁለት ኩባንያ ሲም መያዝ ይበጃል። ሳፋሪኮም በመስከረም 2015 አዲስ አበባ ላይ አገልግሎት ከመጀመሩ በፊት ይህ አማራጭ አልነበረም። ሁሉም ኢንተርኔት ሲዘጋ ግን ሁለት ሲምም አያድንም። ከሰኔ 2012 መጨረሻ ጀምሮ ሦስት ሳምንት ገደማ ኢንተርኔት በተቋረጠ ጊዜ ከውጭ ደንበኛ ጋር የሚሠሩት ሠሪዎች "ትንሽ እንዘገያለን" የሚል ኢሜይል እንኳ መላክ አልቻሉም።

ፊደል፣ ስም፣ ስልክና ሰዓት

የአገር ውስጥ ሠሪ ዋጋ ጎልቶ የሚታየው እዚህ ላይ ነው። ከውጭ የተገዛ ዝግጁ ቴምፕሌት (አስቀድሞ የተሠራ የዌብሳይት ንድፍ) አሪፍ ሊመስል ይችላል፤ የአማርኛ ተጠቃሚ ሲገባበት ግን ይሰነጠቃል።

ከፎርሙ እንጀምር። "የቤተሰብ ስም" ብሎ ይጠይቃል፤ እኛ ያለን የራስ ስም፣ የአባት ስምና የአያት ስም ነው። ፖስታ ኮድ ካልሞላህ አላልፍም ይላል፤ እኛ ክፍለ ከተማ፣ ወረዳና የቤት ቁጥር ነው የምናውቀው። ስልክ ቁጥር በ09 መጀመር አለበት ብለው የተጻፉ የቆዩ ፎርሞች አሁንም አሉ። የሳፋሪኮም ቁጥር በ07 ይጀምራል፤ እንዲህ ያለ ፎርም ደንበኛውን "ቁጥርዎ ትክክል አይደለም" ብሎ ይመልሰዋል። ሰውየውም ሳይደውል ይሄዳል፣ ባለቤቱም ለምን ደንበኛ እንደቀነሰበት አያውቅም። ማስተካከያው የአንድ መስመር ኮድ ነው።

ፍለጋ ደግሞ ይበልጥ ይከብዳል። አንድ ትምህርት ቤት ወላጆች የልጃቸውን ውጤት በስም የሚፈልጉበት ገጽ አሠራ እንበል። መዝገብ ቤቱ "ኃይሉ" ብሎ አስገብቷል፤ አባት "ሀይሉ" ብሎ ይጽፋል፣ እናት "ሃይሉ"። ለኮምፒዩተሩ ሦስቱ የተለያዩ ቃላት ናቸው፤ ውጤቱ "አልተገኘም" ነው። ስለዚህ ደህና ሠሪ ከስሙ ጎን ሌላ የተደበቀ ቅጂ ያስቀምጣል። እዚያ ሀ፣ ሃ፣ ሐ፣ ሓ፣ ኀ፣ ኃ ሁሉም ወደ አንድ ፊደል ይለወጣሉ፤ ሰና ሠ፣ አና ዐ፣ ጸና ፀም እንደዚያው። ወላጅ የጻፈውም በዚያው መንገድ ተለውጦ ከቅጂው ጋር ይነጻጸራል። ማሳያው ላይ ግን ስሙ መዝገብ ላይ እንደተጻፈው ይቀራል። ሰው ስሙ ሲዛባ አይወድም።

የግዕዝ ፊደል ዩኒኮድ (ኮምፒዩተሮች የሚጋሩት የፊደላት ኮድ) ውስጥ የገባው በፈረንጆቹ 1999 ነው። ሆኖም በድሮ የፓወር ግዕዝ ፎንት የተጻፈ ሰነድ ይዞ የሚመጣ ደንበኛ ዛሬም አለ። እዚያ ፋይል ውስጥ ያለው በላቲን ኮድ ላይ የተሳለ የግዕዝ ምስል ስለሆነ፣ ዌብሳይት ላይ ሲለጠፍ ትርጉም የለሽ የላቲን ምልክት ይሆናል። ወይ መለወጫ ሶፍትዌር፣ ወይ ጸሐፊ ቀጥሮ እንደገና ማስጻፍ ነው። ዲዛይን ላይም ልዩነት አለ። ፊደላችን ትልቅና ትንሽ የሚባል ነገር የለውም፤ ርዕስን በትልልቅ ፊደል አድምቆ የሚያሳይ ቴምፕሌት በአማርኛ ፈዞ ይቀራል። የመስመር ክፍተቱም ሰፋ ካላለ ጽሑፉ ተጨናንቆ ዓይን ይደክማል።

ሰዓትና ቀን የባሰ ነው፤ በተለይ ለክሊኒክ። "3 ሰዓት" ብሎ ቀጠሮ የያዘ ታካሚ ጠዋት 3 ሰዓት ማለቱ ነው። ሲስተሙ የሚያውቀው የፈረንጅ 3 ሰዓት ግን ከእኛ 9 ሰዓት ላይ ይውላል። ወርሃዊ ሪፖርት በኢትዮጵያ አቆጣጠር የሚፈልግ ድርጅት ካለም ጳጉሜን የሚያውቅ 13 ወር ያለው ሠንጠረዥ ያስፈልጋል።

ከርክክብ በኋላ

አንድ ትንሽ የዌብሳይት ሥራ ዓመት ከዓመት የሚቆመው በአዲስ ሥራ ብቻ አይደለም። የሚያኖረው የጥገና ውል ነው፤ ማዘመን፣ ባክአፕ መያዝ፣ ዋጋና ፎቶ መቀየር፣ ዶሜይን ማደስ። ዎርድፕረስ በተባለው የዌብሳይት መሥሪያ ሶፍትዌር የተሠራ ሳይት ለአንድ ዓመት ያህል ሳይዘመን ከቀረ ለሰርጎ ገቦች በሩ ክፍት ነው። በ2016 የወጣው የግል መረጃ ጥበቃ አዋጅ፣ ቁጥር 1321፣ የታካሚና የተማሪ መረጃ የሚይዙ ሳይቶችን ጉዳይ ይበልጥ አክብዶታል። ዓመታዊ የጥገና ውል ያለው ሠሪ በጸጥታው መስከረምም ኪራዩን ይከፍላል።

በሙያው ውስጥ አንድ ክፉ ልማድ አለ፣ በግልጽ መነገር አለበት። አንዳንድ ሠሪዎች የደንበኛውን ዶሜይን በራሳቸው ስምና ኢሜይል ይመዘግባሉ። አንዳንዱ ይህን የሚያደርገው በቸልተኝነት ነው፤ ሌላው ደንበኛው እንዳይሄድበት ብሎ ነው። ሠሪው ውጭ አገር ሲሄድ ወይም ስልኩ ሲዘጋ ድርጅቱ ዓመታት ያስተዋወቀውን ስም ያጣል። ዶሜይን የደንበኛው ንብረት ነው፤ በደንበኛው ስም፣ በደንበኛው ኢሜይል ይመዝገብ። ሠሪው የሚያስፈልገው የመግቢያ ፈቃድ ብቻ ነው።

ጥሩዎቹ በርክክብ ቀን አንድ ገጽ ወረቀት ይሰጣሉ። ዶሜይኑ የት እንደተመዘገበ፣ ሆስቲንጉ የት እንዳለ፣ የይለፍ ቃሉ በማን እጅ እንደሆነ ይጻፍበታል። የእድሳቱ ቀንም በፈረንጅና በኢትዮጵያ አቆጣጠር ጎን ለጎን ይሰፍራል፤ የሂሳብ ሠራተኛዋ የምታየው የኢትዮጵያውን ስለሆነ።