ፖለቲካዊው እንስሳና የአቴና ዕጣ

«ሰው በተፈጥሮው ፖለቲካዊ እንስሳ ነው» ያለው አርስቶትል ከክርስቶስ ልደት በፊት በ384 ዓመት በሰሜን ግሪክ፣ ስታጊራ በምትባል ከተማ ተወለደ። የዕድሜውን እኩሌታ ያህል የኖረው በአቴና ቢሆንም መጤ ነዋሪ ስለነበር በጉባኤዋ ድምፅ መስጠት አይችልም ነበር።

«ፖለቲካ» በተሰኘው ሥራው እንደሚለው ቤተሰቦች ተሰባስበው መንደር፣ መንደሮች ተሰባስበው ከተማ-መንግሥት ይሆናሉ። ከተማ-መንግሥት የሚመሠረተው ለመኖር ያህል ነው፤ ጸንቶ የሚቆየው ግን መልካም ኑሮ ለመኖር ነው። እንስሳም ሕመሙንና ደስታውን በድምፁ ያሰማል። ስለ ፍትሕና ስለ በደል የሚነጋገረው ሰው ብቻ ነው። ከተማ የማያስፈልገው ፍጡር ካለ፣ ወይ አውሬ ነው ወይ አምላክ።

ከእሱ ቀደም ብሎ ፈላስፋው ፕሮታጎራስ ተመሳሳይ ሐሳብ እንደሰነዘረ የአርስቶትል መምህር ፕላቶን ጽፏል፦ ሕክምና ለጥቂቶች ተሰጠ፣ ኀፍረትና ፍትሕ ግን ለሰው ሁሉ ታደለ።

የፖለቲካ ችሎታ የሁሉም ነው የሚለውን ይህን እምነት አቴናውያን በተግባር ያዋሉት በዕጣ ነው። የ500ው ሸንጎ አባላት በየዓመቱ ከ10ሩ ነገዶች፣ ከእያንዳንዱ 50፣ በዕጣ ይወጡ ነበር። ለፍርድ ቤት ዳኞች ደግሞ በመደዳ የተሰነጠቀ ድንጋይ ነበር፤ የዜጎች ስም የተጻፈባቸው ትንንሽ ሰሌዳዎች በስንጥቆቹ ይሰካሉ፣ ከጎኑ ባለው ቱቦ ነጭና ጥቁር ኳሶች ይለቀቃሉ። ነጭ የደረሰው መደዳ ለፍርድ ይቀመጣል፣ ጥቁር የደረሰው ወደ ቤቱ ይሄዳል። የድንጋዩ ስባሪ ዛሬም በአቴና የአጎራ ሙዚየም ይታያል። አርስቶትል ራሱ ዕጣን ከዴሞክራሲ፣ ምርጫን ከጥቂቶች አገዛዝ ጋር አያይዞ ማንሳቱ ምርጫን የዴሞክራሲ መለያ ላደረግን ለእኛ ግር ያሰኛል።

«ሰው» ሲባል ግን ሴቶች፣ ባሪያዎችና መጤዎች በሸንጎው ቦታ አልነበራቸውም። አርስቶትል አንዳንዱ ሰው በተፈጥሮው ባሪያ ነው ብሎ ተሟግቷል። ይህን የዘመኑ ሰው ስለሆነ ነው ብሎ ማለፍ ይከብዳል፤ ባርነት ከተፈጥሮ ውጭ ነው የሚሉ በዘመኑም እንደነበሩ የነገረን እሱው ነውና።

በ20ኛው ክፍለ ዘመን የፖለቲካ ፈላስፋዋ ሐና አረንት ሰው ከሰው ጋር በአደባባይ ተነጋግሮ የሚሠራውን ሥራ ከእንጀራ ፍለጋ ለይታ ስታቀርብ ወደ አርስቶትል ተመልሳለች። ዕጣውን ከልብ የወሰደችው ግን አየርላንድ ናት። እ.ኤ.አ. በ2016 በዕጣ የተመረጡ 99 ዜጎች አንዲት ዳኛ እየመሯቸው ስለ ፅንስ ማቋረጥ ሕግ መከሩ፤ በ2018 ሕዝበ ውሳኔም ከመራጩ 66.4 በመቶው ክልከላውን የማንሳቱን ለውጥ ደገፈ። እነዚህ 99ኙ ግን የአቴና ዳኞች የነበራቸው ሥልጣን አልነበራቸውም፤ ሐሳብ ከማቅረብ አያልፉም፣ ሕዝበ ውሳኔ መጥራትም የፓርላማው ፈንታ ነው።