መደርደሪያው ላይ የተጻፈው ኪሎ ምን ማለት ነው?

ረጃጅም የብረት ቱቦ በሚቀመጥበት ባለ ክንድ መደርደሪያ (ካንቲሊቨር) ላይ «በአንድ ክንድ 500 ኪሎ» ዓይነት ጽሑፍ ይለጠፋል። ብዙ ሰው የሚሳሳተው እዚህ ላይ ነው። ይህ ቁጥር የሚሠራው ጭነቱ ከክንዱ ሥር እስከ ጫፉ እኩል ሲሰራጭ ነው። ያው ክብደት ጫፉ ላይ ብቻ ካረፈ፣ ክንዱን ከሥሩ የሚያጎብጠው ኃይል እጥፍ ይሆናል። ስለዚህ ጥቂት ቱቦ ሲኖር ወደ ምሰሶው ይጠጋ፤ ለፎርክሊፍቱ ይቀላል ተብሎ ጫፍ ላይ መተው አደገኛ ነው።

ይበልጥ የሚያሳስበኝ ግን የማካፈሉ ስሌት ነው። 6 ሜትር ርዝመትና 1,200 ኪሎ ክብደት ያለው የቱቦ እስር (አንድ ላይ የታሰረ ቱቦ) በሦስት ክንዶች ላይ ሲጫን፣ ለእያንዳንዱ 400 ኪሎ ይደርሰዋል ብለን እንገምታለን። ሁለቱ ክንዶች ልክ ከእስሩ ጫፎች ሥር፣ አንዱ መሃል ከሆኑ ግን መሃለኛው ብቻውን 750 ኪሎ ገደማ ይሸከማል። ከተፈቀደለት እጅግ ያለፈ ነው! ክንዶቹ በየ2 ሜትሩ ሆነው እስሩ በሁለቱም በኩል 1 ሜትር ቢያልፍ ክፍፍሉ ይቀራረባል፦ ዳርና ዳር 425፣ መሃል 350 አካባቢ። «ከዳር ክንድ የሚያልፈው ርዝመት የክንዶቹን ርቀት ግማሽ ያህል ይሁን» የሚባለው ለዚህ ነው።

ምሰሶውም የራሱ ገደብ አለው። ስድስት ክንድ አለው ማለት ስድስት ጊዜ 500 ይችላል ማለት አይደለም፤ የምሰሶው ጠቅላላ አቅም ለብቻው ይታያል። ከባዱ እስር ታች ይሁን፣ ክብ ቱቦ ከሆነ ደግሞ የክንዱ ጫፍ ላይ ማገጃ ይኑር።