«ኦዲተሩ ለምን አያስራቸውም?» እና ስለ መንግሥት ሂሳብ የምንሳሳታቸው ሌሎች ነገሮች

የፌዴራል ዋና ኦዲተር ዓመታዊ ሪፖርት ለተወካዮች ምክር ቤት በሚቀርብበት ሰሞን ድሬዳዋ ውስጥ ከዚራ ሰፈር ዛፎች ስር ቡና ይዞ የተቀመጠ ሁሉ ሂሳብ አዋቂ ይሆናል። «አቦ፣ ይሄ ሁሉ ቢሊዮን ተበላ!» ይላል አንዱ። «ታዲያ ኦዲተሩ ቁጭ ብሎ ምን ይሠራል?» ይላል ሌላው። መናደዳቸው ልክ ነው። ግን ንዴቱ ብዙ ጊዜ የሚያርፈው ባልሆነ ቦታ ስለሆነ፣ መጠየቅ የነበረበት ሰው ሳይጠየቅ ያልፋል።

«ሪፖርቱ ላይ የወጣው ብር በሙሉ ተሰርቋል»

አልተሰረቀም፤ ቢያንስ ሁሉም አልተሰረቀም። የኦዲት ግኝት የሚባለው አሃዝ የብዙ ዓይነት ነገር ድምር ነው። ያልተወራረደ ቅድመ ክፍያ አለበት፣ ያልተሰበሰበ ግብር አለበት፣ የግዥ መመሪያ ሳይከበር የተገዛ ዕቃ አለበት፣ ማስረጃ ያልቀረበለት ወጪ አለበት። ሥራ ላይ ሳይውል የቀረ በጀት ጭምር ይቆጠራል፤ እሱን ደግሞ ማንም አልነካውም፣ ጥፋቱም አለመነካቱ ነው።

ብዙ ሰው ግራ የሚገባው ተሰብሳቢ ሂሳብ ላይ ነው። አንድ ባለሙያ ለሥልጠና አዲስ አበባ ሲላክ 20 ሺህ ብር በቅድሚያ ወሰደ እንበል። ተመልሶ ሰነዱን አቅርቦ እስኪያወራርድ ድረስ ብሩ በስሙ ተሰብሳቢ ሆኖ ይቀመጣል። ሳያወራርድ ወደ ሌላ ቢሮ ተዛወረ፣ የሂሳብ ሠራተኛዋም ሥራ ለቀቀች፤ ተሰብሳቢው ግን ከዓመት ዓመት እየተንከባለለ መዝገቡ ላይ ይኖራል። ሰውዬው ሥልጠናውን በሚገባ ወስዶ ሊሆን ይችላል፣ ጨርሶ ሳይሄድም ቀርቶ ሊሆን ይችላል። ወረቀት ከሌለ ሁለቱን መለየት አይቻልም። ለሌባ ከዚህ የተሻለ መደበቂያ አላውቅም።

«ነቀፌታ የሌለው አስተያየት ያገኘ መሥሪያ ቤት ንጹሕ ነው»

ኦዲተር የእያንዳንዱን ሻይ ደረሰኝ አያገላብጥም፤ በናሙና ነው የሚሠራው። ነቀፌታ የሌለው አስተያየት ማለት «የሂሳብ መግለጫው ጉልህ ስህተት የለበትም» ማለት ነው። ከዚያ በታች «ከጥቂት ጉዳዮች በስተቀር» የሚባለው አለ፣ ተቀባይነት የሌለው አለ፣ ሰነዱ ከመጥፋቱ ብዛት አስተያየት መስጠት ያልተቻለበትም አለ። የመጨረሻውን «ምንም ጥፋት አልተገኘም» ማለት የሚመስለው ሰው አለ፤ በእውነቱ ከሁሉም የሚያስፈራው እሱ ነው።

ሂሳቡ ልክ ሆኖ ሥራው ልክ ላይሆን እንደሚችልም አይዘነጋ። በሕጋዊ ጨረታ የተገዛ የላቦራቶሪ ማሽን ካርቶኑ ሳይከፈት ሦስት ዓመት ቢቀመጥ፣ የፋይናንስ ኦዲቱ «በአግባቡ ተገዝቷል» ብሎ ሊያልፈው ይችላል። «ለምን አልሠራም?» የሚለው የክዋኔ ኦዲት ነው። የ1998ቱን ክረምት የደቻቱ ጎርፍ የሚያስታውስ የድሬ ሰው ይህን ለመረዳት ብዙ አይቸገርም። ያ ጎርፍ ከ200 በላይ ሰው ገድሏል፤ እንዲህ ባለ ከተማ ለጎርፍ መከላከያ የወጣ ገንዘብ ደረሰኙ መሟላቱ ብቻ አይበቃም፣ ግንቡ ውሃውን መያዙም መመርመር አለበት።

«የውስጥ ኦዲት ክፍል አለን፣ ይበቃል»

የውስጥ ኦዲተሩ ደመወዝና የሥራ ቦታ በዚያው መሥሪያ ቤት ውስጥ ነው፤ የሚመረምረውም አለቃውን ነው። ብዙ ጎበዞች አሉበት፣ ግን አለቃውን ያለ ፍርሃት ይመርምር ብሎ መጠበቅ ይከብዳል።

የሱን ሥራ አስቸጋሪነት ለማየት ሰኔን መመልከት ነው። የበጀት ዓመቱ ሰኔ 30 ይዘጋል፤ ያልተነካ በጀት ደግሞ ተመላሽ ይሆናል። ስለዚህ «በጀቱ እንዳይቃጠል» የሚባለው ሩጫ ይጀመራል። ሲሚንቶው ገና ፋብሪካው በር ላይ ተራ እየጠበቀ፣ ንብረት ክፍል ላለው ሠራተኛ «የዕቃ መረከቢያውን ሞዴል 19 ቁረጥ፣ ነገ ይገባል» ይባላል። ሠራተኛው ይፈርማል፤ አልፈርምም ቢል በአለቃው ዓይን መጥፎ ሰው ይሆናል። ክፍያው ይፈጸማል። ዕቃው ጎድሎ ቢገባ፣ ወይም ጨርሶ ባይገባ፣ ተረከብኩ ብሎ የፈረመው እሱ ነው። በቃል ያዘዘው ስሙ የትም የለም። የውጭ ኦዲተር መጥቶ ቢን ካርዱን (የዕቃ ገቢና ወጪ የሚመዘገብበትን ካርድ) እና መጋዘኑን ሲያስተያይ ብዙ ጊዜ ከፊቱ የሚያገኘው ይህን ላቡን የሚጠርግ ምስኪን ነው።

«ኮምፒውተር ላይ ከገባ ሌብነት ያበቃል»

የተቀናጀው የፋይናንስ ሥርዓትም የኤሌክትሮኒክ ግዥውም ይረዳሉ፤ ማን መቼ ምን እንዳጸደቀ ይመዘግባሉ። ያልመጣን ሲሚንቶ «መጣ» ብሎ የሚያስገባ ጣት ግን አሁንም የሰው ነው።

«አዲስ አበባ ያለው ኦዲተር ሁሉንም ያያል»

የድሬዳዋ አስተዳደር የራሱ ዋና ኦዲተር አለው፣ ተጠሪነቱም ለአስተዳደሩ ምክር ቤት ነው። ሐረርም እንዲሁ፣ በክልሉ ምክር ቤት ስር። ድሬዳዋ ዩኒቨርሲቲ ግን የፌዴራል ተቋም ስለሆነ የሚመረምረው የፌዴራሉ ነው፤ የፌዴራል መንግሥት የሚሰጠውን ድጎማም የመመርመር ሥልጣን አለው። ስለ ቀበሌያችሁ መንገድ አዲስ አበባን የምትወቅሱ ከሆነ፣ አድራሻው ተሳስቷል።

«ታዲያ ኦዲተሩ ለምን አያስራቸውም?»

ሥልጣኑ ስላልሆነ ነው፤ ባይሆንም ይሻላል። በሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 101 የፌዴራል ዋና ኦዲተር በጠቅላይ ሚኒስትሩ አቅራቢነት በተወካዮች ምክር ቤት ይሾማል፣ መርምሮም ሪፖርቱን ለዚያው ምክር ቤት ያቀርባል። የሙስና ወንጀል ምርመራ ከ2008 ጀምሮ የፌዴራል ፖሊስ ሥራ ነው፣ ክሱ ደግሞ የዐቃቤ ሕግ። ኦዲተሩ ከሳሽም ቢሆን ኖሮ ማን ሰነዱን ያሳየው ነበር?

ቀዳዳው ያለው ከሪፖርቱ በኋላ ነው። ሰኔ 30 የተዘጋ ሂሳብ ተመርምሮ፣ መሥሪያ ቤቱ መልስ ሰጥቶበት ለምክር ቤት ሲቀርብ አብዛኛውን ጊዜ ሌላ ሰኔ ደርሷል። እስከዚያ ኃላፊው ተሹሞ ሄዷል፣ ገንዘብ ያዡ ተቀይሯል። አዲሱ ኃላፊ የምክር ቤቱ ቋሚ ኮሚቴ ፊት ይቀርብና «እኔ ከመምጣቴ በፊት ነው፣ የድርጊት መርሐ ግብር አዘጋጅተናል» ይላል። በቀጣዩ ዓመት ያው ግኝት ያው ገጽ ላይ ይገኛል። «ሲሾም ያልበላ ሲሻር ይቆጨዋል» የሚለው ተረት በዚህ አሠራር ምክር ይመስላል፤ ሹመት ሲቀየር ጥያቄው አብሮ አይሄድማ።

ለኔ የሚታየኝ መፍትሔ አዲስ ሕግ መጻፍ አይደለም። ግኝቱ በቦታው ሳይሆን በሰውዬው ስም ይመዝገብ። ተዛውሮ ቢሄድ ይከተለው፤ ሹመት ሲታሰብለትም ፋይሉ ይከፈት። ሰኔ ላይ በቃል የሚሰጥ ትእዛዝም በጽሑፍ ይሁን፤ ያን ጊዜ ያ የንብረት ክፍል ሠራተኛ ብቻውን አይቀርም።

«ይሄ የባለሙያ ጉዳይ ነው፣ እኔን አይመለከተኝም»

ሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 12 የመንግሥት አሠራር ለሕዝብ ግልጽ በሆነ መንገድ መከናወን አለበት ይላል። የተመደበው በጀት በሰሌዳ ላይ የሚለጠፍባቸው ትምህርት ቤቶችና ጤና ጣቢያዎችም አሉ። ሳቢያን ወይም ገንደ ቆሬ ያለ ወላጅ ሰሌዳው ላይ «ለጥገና» ተብሎ ብር ካየ፣ የተጠገነውን ክፍል አሳዩኝ ለማለት ሂሳብ መማር አይጠበቅበትም። የምክር ቤት ተመራጩን ሲያገኝ ደግሞ ስንት ቢሊዮን ተገኘ ብሎ አይጠይቀው፤ አምና ከተገኙት ግኝቶች የትኞቹ እንደታረሙ፣ ያልታረሙትም በማን ስም እንደተያዙ ይጠይቀው።