የኅብረት ስምምነት ምንድን ነው? «ፈርመሃል፤ አለቀ» ለሚሉትስ?

«ፈርመሃል፤ አለቀ!» ይህችን አባባል መስማት ሰልችቶኛል። ሰሞኑን ደግሞ በአንድ የሬዲዮ ውይይት ላይ አስተያየት ሰጪ ሆነው የቀረቡ ሰው ደገሟት። አንድ የፋብሪካ ሠራተኛ ደውሎ ነበር። መሥሪያ ቤቱ ውስጥ የሠራተኛ ማኅበር አለ፤ የኅብረት ስምምነትም አለ። ስምምነቱ ላይ ለሠራተኛው ሁሉ የትራንስፖርት አበል ተጽፏል። እሱ ግን ሲቀጠር በፈረመው ውል ላይ «አበል አይከፈለውም» የምትል መስመር ገብታለች። መብት አለኝ ወይ ነው ጥያቄው። እሳቸው ምንም ሳያመነቱ «የኅብረት ስምምነት የማኅበሩ ጉዳይ ነው፤ አንተ በግልህ ሌላ ነገር ከተስማማህ የምትገዛው በራስህ ውል ነው፤ ውል ሕግ ነው» አሉት። ደዋዩ አመስግኖ ዘጋ። የተናደድኩት እኔ ነኝ።

እሳቸው እንዳሉት ከሆነማ ማኅበር ማቋቋም ምን ይሠራል? አሠሪው አዲስ የሚቀጠረውን ሁሉ አንድ መስመር ብቻ ጨምሮ እያስፈረመ ስምምነቱን ቀስ በቀስ ባዶ ወረቀት ያደርገዋል።

የኅብረት ስምምነት ባጭሩ፣ የሠራተኛ ማኅበርና አሠሪ ስለ ሥራ ሁኔታ ተደራድረው በጽሑፍ የሚፈራረሙት ሰነድ ነው። ደመወዝና እርከን፣ ቦነስ፣ ሕክምና፣ ሰርቪስ፣ የደረጃ ዕድገት፣ ዝውውር፣ ቅነሳ ሲመጣ ማን እንደሚቀድም፣ ቅሬታ ለማን እንደሚቀርብ፣ ይህ ሁሉ እዚያ ይገባል። ማኅበር እንዴት እንደሚመሠረትና ድርድር እንዴት እንደሚጠየቅ አልተርክም። መደራጀትና በኅብረት መደራደር በሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 42 የተጻፈ መብት ነው። አሥር ሠራተኛ ያለበት ድርጅት ማኅበር ማቋቋም ይቻልበታል። ይህን አብዛኛው ሰው ያውቃል።

የማይታወቀው፣ ወይም እየታወቀ የሚታለፈው፣ ሰነዱ ከሌሎቹ ወረቀቶች አንጻር የት እንደሚቆም ነው።

«ውል ሕግ ነው» የሚለው አባባል ከሜዳ የተነሳ አይደለም። የፍትሐ ብሔር ሕጉ ቁጥር 1731 ውል በተዋዋዮቹ መካከል እንደ ሕግ እንደሚቆጠር ይናገራል። ሰዎቻችን ግን ግማሹን ብቻ ነው የሚጠቅሱት። ቁጥሩ የሚናገረው በሕግ አግባብ ስለተቋቋመ ውል ነው። እና ስለ ሥራ ውል ሕጉ ምን ይላል? የአሠሪና ሠራተኛ ጉዳይ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 አንቀጽ 4 ላይ የሥራ ውል በሕግ፣ በኅብረት ስምምነት ወይም በሥራ ደንብ ከተሰጠው ያነሰ መብት ሊያስቀምጥ አይችልም ይላል። አንቀጽ 4 ነው እንግዲህ። አዋጁን የገለጠ ሰው በመጀመሪያዎቹ ገጾች ላይ ያገኘዋል። የደዋያችን ውል እንዳለ ይጸናል፤ ያቺ አበል የምትከለክለው መስመር ብቻ ዋጋ የላትም።

የታክሲ ታሪፍን እንውሰድ። ከመገናኛ ፒያሳ ይህን ያህል ተብሎ ታሪፍ ወጥቷል። ማታ ሰው ሲበዛ ረዳቱ ዋጋውን ከፍ አድርጎ ይጠራል። እርስዎ ቸኩለዋል፣ «እሺ» ብለው ይገባሉ። ተስማምተዋል? አዎ፣ ተስማምተዋል። ትራፊክ ቢያስቆማቸው ግን ረዳቱ «ተስማምተን እኮ ነው!» ብሎ አይድንም። ታሪፍ ያስፈለገው በዚያ ሰዓት እርስዎ እንቢ የማለት አቅም እንደሌለዎት ስለሚታወቅ ነው። የሥራ ሕግም እንደዚያው ነው። አቅጣጫው ብቻ ይገለበጣል። ታሪፍ ከዚህ በላይ አታስከፍል ይላል፤ የሥራ ሕግ ከዚህ በታች አትስጥ ይላል።

ትንሽ ልለጥጠው። የአንድ መሥመር የዘወትር ተሳፋሪዎች ተሰባስበው ከባለታክሲዎቹ ጋር ተደራደሩ እንበል። ከታሪፉም ያነሰ ዋጋ ተስማምተው ተፈራረሙ፤ አስመዘገቡም። የኅብረት ስምምነት ይህ ነው። በማግስቱ አዲስ ተሳፋሪ መጣ። ረዳቱ «አንተ በድርድሩ አልነበርክም፤ ሙሉ ታሪፍ ክፈል» ሊለው ይችላል? ስምምነቱ በዚህ መሥመር የሚሳፈር ሁሉ ካለ አይችልም። ጋቢና የተቀመጠውን ለብቻው ሹክ ብሎ ቢያስማማውም አይችልም። ደስ ብሎት በነጻ ቢያሳፍረው ግን ከልካይ የለበትም። ታክሲውን ኮንትራት የያዘው ሰውዬስ? እዚያ ላይ ምሳሌዬ ይሰበራል። እተወዋለሁ።

«በነጻ ቢያሳፍረው» ያልኩትን ልብ ይበሉልኝ። አስተያየት ሰጪው «የግል ውል ምንም ዋጋ የለውም ካልን ጎበዝ ባለሙያ ደመወዙን ከፍ አድርጎ መደራደር አይችልም ማለት ነው» ብለው ሊከራከሩኝ ይችላሉ። አይደለም። ከስምምነቱ በላይ በግል መዋዋል የተፈቀደ ነው። የተከለከለው ወደ ታች መውረድ ነው። ፊርማዎ ሽቅብ ይሠራል፤ ቁልቁል አይሠራም።

አሁን ደግሞ ወደ ሁለተኛው ስህተት። ይኼኛው የማኅበር መሪዎችንም ያሳስታቸዋል። «ማኅበሩ ከፈረመ ከሕጉም በታች ቢሆን ይጸናል፤ ምክንያቱም ተደራድረንበታል» ይባላል። አይጸናም። በተመሳሳይ ጉዳይ ላይ ስምምነቱ ለሠራተኛው የተሻለ ከሆነ ስምምነቱ ይሠራል፤ ሕጉ የተሻለ ከሆነ ሕጉ ይሠራል።

የዓመት ፈቃድ ለዚህ ጥሩ ማሳያ ነው። የቀድሞው አዋጅ ቁጥር 377/1996 ለመጀመሪያው የአገልግሎት ዓመት 14 የሥራ ቀን ይሰጥ ነበር፤ ከዚያ በኋላ በየዓመቱ አንድ ቀን ይጨመራል። የ2011ዱ አዋጅ መነሻውን 16 የሥራ ቀን አደረገው፤ ጭማሪው ግን በየሁለት ዓመቱ አንድ ቀን ሆነ። የድሮውን ስሌት እንዳለ የያዘ የኅብረት ስምምነት ያለው ድርጅት እናስብ። የትኛው ይሠራል? «አዲሱ ሕግ ሽሮታል» የሚሉ አሉ። «ስምምነት ስምምነት ነው» የሚሉም አሉ። ሁለቱም ተሳስተዋል። አንድ ዓመት ያገለገለች ሠራተኛ በስምምነቱ 14፣ በአዋጁ 16 ቀን ይደርሳታል። ለእሷ አዋጁ ይሠራል። አሥር ዓመት ያገለገለው ባልደረባዋ በስምምነቱ 23፣ በአዋጁ 20 ቀን አለው። ለእሱ ስምምነቱ ይሠራል። አራትና አምስት ዓመት ላይ ያሉት በሁለቱም እኩል ይወጣሉ። አንድ ድርጅት፣ አንድ ጉዳይ፣ እንደ ሠራተኛው የሚለያይ መልስ። ቢያንስ እኔ ሕጉን የማነበው እንዲህ ነው። ኤችአሮች (የሰው ኃይል አስተዳደር ክፍል ሰዎች) ይህን ሲሰሙ ራሳቸውን ይይዛሉ፤ ምን ላድርግ።

«በተመሳሳይ ጉዳይ» የምትለዋ ነገር ደግሞ ዝም ብላ የገባች አይደለችም። አንዳንድ አሠሪ «ጥሩ ቦነስ ሰጥቻችሁ የለ? ስለዚህ ትርፍ ሰዓቱ በ1.25 ይሁን» ይላል። 1.25 የድሮው አዋጅ ስሌት ነው። አሁን በሥራ ቀን ከንጋቱ 12 ሰዓት እስከ ምሽቱ 4 ሰዓት ለሚሠራ ትርፍ ሰዓት የመደበኛው ሰዓት ክፍያ በ1.5 ይባዛል። ቦነስ ከቦነስ ጋር፣ ትርፍ ሰዓት ከትርፍ ሰዓት ጋር ነው የሚወዳደረው። ሁሉንም በአንድ ጆንያ ከትቶ «በጥቅሉ ይሻላችኋል» ማለት አይቻልም። ማኅበሩ ራሱ እጁን አውጥቶ ቢፈርምም ያው ነው።

«አባል ካልሆንክ አይመለከትህም» የሚለውስ? እዚህ ላይ ጠንቀቅ ብዬ ነው የምናገረው። አዋጁ ስምምነቱ የሚሠራው በሚሸፍናቸው ሁሉ ላይ ነው ይላል። ማንን ይሸፍናል የሚለውን የሚመልሰው ራሱ ስምምነቱ ነው። የተፈጻሚነት ወሰን የሚል አንቀጽ ይፈልጉ፤ አብዛኛውን ጊዜ ከፊት ነው ያለው። «የድርጅቱ ሠራተኞች በሙሉ» ካለ መዋጮ የማይከፍለውም ይገባበታል። ይህ መዋጮ የሚከፍሉትን ያናድዳል። አውቃለሁ፣ ደግሞም እውነታቸውን ነው። መፍትሔው ግን ሰውየውን አሳምኖ አባል ማድረግ ነው፤ አበሉን መከልከል አይደለም። «ቋሚ ሠራተኞች» ብቻ ካለ ደግሞ ለተወሰነ ጊዜ የተቀጠሩት ውጭ ቀሩ ማለት ነው። ማኅበራት ይህችን ቃል ሳያዩ ያሳልፏታል።

በኤጀንሲ በኩል የተቀጠሩ ጥበቃዎችና ጽዳቶች ሌላ ጣጣ አለባቸው። የሚሠሩት ባንክ ውስጥ ነው፤ ባንኩም ጥሩ የኅብረት ስምምነት ይኖረዋል። የሥራ ውላቸው ግን ከኤጀንሲው ጋር ነው። የባንኩ ስምምነት አይደርሳቸውም፤ የሚደራደሩት ከኤጀንሲው ጋር ነው። የመንግሥት ሠራተኛ ከዚህ አዋጅ ውጭ ነው፤ የራሱ ሕግ አለው። የሥራ መሪም ውጭ ነው። ግን የሥራ መሪ የሚያሰኘው የሥራ መደቡ ስም ሳይሆን ሥልጣኑ ነው፤ የድርጅቱን ፖሊሲ ማውጣትና ማስፈጸም፣ መቅጠር፣ ማሰናበት፣ የመሳሰለው። በከተማችን ማናጀር ያልተባለ ሰው የለም። የፈረቃ አለቃ ስለተባሉ ብቻ ከስምምነቱ ወጥተዋል የሚልዎትን አይመኑ።

ይህን ያህል የምጨነቀው ለምን መሰላችሁ? አዋጁ ዝቅተኛ የደመወዝ ወለልን የሚወስን የደመወዝ ቦርድ እንደሚቋቋም ይናገራል እንጂ ራሱ ያስቀመጠው የብር መጠን የለም። የሥራ ሰዓት በሕግ ተወስኗል፤ በቀን 8፣ በሳምንት 48። የወሊድ ፈቃድ በሕግ ተወስኗል። ደመወዝ ላይ ሲደረስ ሕጉ ዝም ይላል። በዚህ ዝምታ ውስጥ ከአሠሪው ጋር ፊት ለፊት የሚቀመጡት ወይ ማኅበሩ ነው፣ ወይ እርስዎ ብቻዎን። ለዚህ ነው «በግልህ ተስማምተሃል» የሚለው ምክር የሚያበሳጨኝ። ሕጉ ዝም ባለበት ቦታ ያለውን ብቸኛውን ሰነድ ነው የሚያፈርሰው።

አሁን አስተያየት ሰጪው ያልተጠየቁትን፣ እኔም ያልተጠየቅኩትን ልጨምር፤ የሙያ አመል ነው። የሥራ ውልዎ በጽሑፍ ስላልሆነ ውል የለዎትም ማለት አይደለም። ሕጉ ለሥራ ውል የተለየ ፎርም አይጠይቅም። ውሉ በቃል ከሆነ አሠሪው በ15 ቀን ውስጥ ዝርዝሩን ጽፎና ፈርሞ መስጠት አለበት፤ ባይሰጥም መብትዎ አይቀርም። የኅብረት ስምምነቱን ቅጂ ኤችአር «የውስጥ ሰነድ ነው» ብሎ ቢከለክልዎ ማኅበሩን ይጠይቁ። ሰነዱ ለምዝገባ ለመንግሥት አካል የሚላክ ነው፤ ምሥጢር አይደለም።

ስምምነቱም ዘላለማዊ አይደለም። ሌላ ካልተባለበት ለሦስት ዓመት ይጸናል። የሚያበቃበት ቀን ከመድረሱ ሦስት ወር በፊት ድርድር መጀመር አለበት። ካበቃ በኋላ በሦስት ወር ውስጥ አዲስ ካልተፈረመ ደመወዝንና ሌሎች ጥቅሞችን የሚመለከቱት ክፍሎች መሥራት ያቆማሉ። ማኅበሩ ተኝቶ ይህ ጊዜ ያለፈበት ድርጅት ውስጥ ከሆኑ እስካሁን የጻፍኩት ግማሹ አይጠቅምዎትም። የኮሚቴ ምርጫ ላይ «ምን አገባኝ» ብሎ መቅረት ዋጋው እዚህ ጋ ነው የሚታየው።

ክርክርም ሲነሳ ቦታው ይለያያል። ስምምነቱ ይሻሻል፣ ይህ አንቀጽ እንዲህ ይተርጎም የሚል የወል ክርክር ወደ አሠሪና ሠራተኛ ጉዳይ ወሳኝ ቦርድ ይሄዳል። ደዋያችን ግን የሚጠይቀው የራሱን አበል ነው፤ የግል ክርክር ስለሆነ ፍርድ ቤት የሥራ ክርክር ችሎት ይሄዳል። እዚያም ይርጋ አለ፤ ይርጋ ማለት መብትን ለመጠየቅ በሕግ የተቀመጠ የጊዜ ገደብ ነው። የደመወዝ፣ የትርፍ ሰዓትና የሌላ ክፍያ ጥያቄ መከፈል ከነበረበት ቀን ጀምሮ ስድስት ወር ካለፈው በይርጋ ይታገዳል። ያ ልጅ የሬዲዮውን መልስ አምኖ ቤቱ ከተቀመጠ በየወሩ የአንድ ወር አበል ከኋላው እየተቆረጠበት ይሄዳል።