የተሳቢ ፍሬን መቆጣጠሪያ ስንመርጥ፦ የተሳሳቱ አመለካከቶች እና እውነታው

ከጎንደር ተሳቢ አስከትሎ የሚወጣ ፒክአፕ ቁልቁለት ሳያገኘው አይቀርም። ወደ ሰሜን ደባርቅን ሲያልፍ ሊማሊሞ አለ፤ ወደ ምዕራብ ደግሞ ከአዘዞ እስከ መተማ ከ1,000 ሜትር በላይ ይወርዳል። በእንዲህ ያለ አገር ስለ ተሳቢ ፍሬን በስማ በለው መወሰን በጣም ያሳስበኛል። መቆጣጠሪያ የምለው መኪናው ውስጥ ታስሮ፣ ሾፌሩ ፍሬን ሲይዝ ለተሳቢው ፍሬን ኤሌክትሪክ የሚልከውን ዕቃ ነው።

«የመኪናዬ ፍሬን ጠንካራ ነው፤ ተሳቢውንም ይይዛል።»
አውሮፓ ውስጥ የራሱ ፍሬን የሌለው ተሳቢ ከነጭነቱ ከ750 ኪሎ እንዳይበልጥ ተደንግጓል። 1,000 ሊትር ውሃ የሞላ ሮቶ ግን ውሃው ብቻ አንድ ቶን ነው።

«መቆጣጠሪያ ለማንኛውም ተሳቢ ይሆናል።»
አይሆንም። ከመግዛታችሁ በፊት የተሳቢውን ፍሬን ዓይነት አስፈትሹ። መቆጣጠሪያው በዋናነት የሚያዘው ታምቡሩ ውስጥ ማግኔት ያለውን የኤሌክትሪክ ፍሬን ነው። ከአውሮፓ የሚመጡ ብዙ ትንንሽ ተሳቢዎች መኪናውን ከኋላ ሲገፉ በራሳቸው የሚይዙ ስለሆኑ አያስፈልጋቸውም። የከባድ መኪና ተሳቢ ደግሞ በአየር ነው የሚይዘው። ቮልቱንም እዩ፤ ለ12 ቮልት የተሠራውን ባለ 24 ቮልት መኪና ላይ በቀጥታ ማሰር ሊያቃጥለው ይችላል።

«ሁሉም ያው ስለሆነ ርካሹ ይበቃል።»
ብዙ ሰው የሚሳሳተው እዚህ ላይ ነው። ርካሹ አብዛኛውን ጊዜ በጊዜ የሚሠራው ነው። ፔዳሉን ስትነኩ ከፍሬን መብራቱ መስመር ምልክት ይቀበልና አስቀድሞ የተሞላለትን ኃይል ቀስ በቀስ ይለቃል፤ በቀስታ ይረገጥ በኃይል አያውቅም። ድንገት በሬ መንገድ ላይ ቢገባባችሁ ኃይሉ እስኪደርስ ተሳቢው ይገፋችኋል። ቁልቁለት ላይ ፔዳሉን ለስለስ አድርጋችሁ ብትይዙ ደግሞ ተሳቢው ሙሉ ኃይሉን እየተቀበለ ታምቡሩ ይግላል። ሁለተኛው ዓይነት የመኪናውን ፍጥነት አቀናነስ ለክቶ ያንኑ ያህል ያዛል፤ በኃይል ስትይዙ በኃይል፣ በቀስታ ስትይዙ በቀስታ። ዋጋው ከፍ ይላል፤ ለእኛ መንገድ ግን እኔ የምመክረው ይህንኑ ነው። ብቻ አምራቹ ባዘዘው አቅጣጫና ማዕዘን ጠብቆ መታሰር አለበት፤ ተንጋዶ ከታሰረ ልኬቱ ይሳሳታል።

«ጥሩ መቆጣጠሪያ ካለ በማርሽ መውረድ አያስፈልግም።»
ታምቡሩ ከጋለ በኋላ የፈለገውን ያህል ኤሌክትሪክ ቢላክ የፍሬን ሸራው በደንብ አይዝም። ሊማሊሞ ላይ ቁልቁለቱ ሳይጀምር ማርሽ ቀንሱ፤ ፍሬኑንም ያዝ ለቀቅ እያደረጋችሁ ውረዱ።

«አንዴ ከተስተካከለ አይነካም።»
ጭነት በተለወጠ ቁጥር ይስተካከላል። ደረቅና ሜዳ መንገድ ላይ፣ መኪና በማይበዛበት ሰዓት፣ በ40 ኪሎ ሜትር ፍጥነት እየነዳችሁ መቆጣጠሪያው ላይ ያለውን በእጅ የሚሠራ ማንሻ ተጫኑ፤ የተሳቢው ጎማ ከተቆለፈ ኃይሉን ቀንሱ፣ ፈዞ ከያዘ ጨምሩ። ጭነት አራግፋችሁ ስትመለሱ ቀንሱት፤ ለሙሉ ጭነት የተሞላ ፍሬን የባዶውን ተሳቢ ጎማ ይቆልፈዋል፣ በክረምት እርጥብ አስፋልት ላይም ወደ ጎን ይወስደዋል።