ከቅባት ነፃ ስላይስ ቺዝ፦ ምን ምን ይገባበታል፣ ምንስ ይሰጣል?

ከቅባት ነፃ ስላይስ ቺዝ በተለይ በአሜሪካ ሱፐርማርኬቶች አንድ አንዱ በፕላስቲክ ተጠቅልሎ የሚሸጥ፣ አብዛኛውን ጊዜ 21 ግራም የሚመዝን ስስ የተቀነባበረ ቺዝ ነው። የተቀነባበረ ቺዝ መነሻው ስዊዘርላንድ ነው። በ1911 ቫልተር ጌርበርና ፍሪትስ ሽቴትለር በቱን ከተማ የኤመንታል ቺዝን ከሶዲየም ሲትሬት (ከሲትሪክ አሲድ ጨው) ጋር አቅልጠው ሳይበላሽ የሚቆይ ቺዝ ሠሩ። አሜሪካ ውስጥ ጄምስ ክራፍት በ1916 የራሱን ዘዴ በፓተንት አስመዘገበ፤ ቀድሞ የተቆራረጠው ዓይነት ደግሞ በ1950 ገበያ ወጣ። ቅባቱ የወጣለት ስላይስ የተስፋፋው ዘግይቶ፣ ቅባት ሁሉ በክፉ ዓይን በሚታይበት በ1990ዎቹ ነው።

በአሜሪካ የምግብና የመድኃኒት አስተዳደር (ኤፍዲኤ) ደንብ «ከቅባት ነፃ» የሚባለው በአንድ ምግብ መጠን ውስጥ ከ0.5 ግራም ያነሰ ቅባት ያለው ነው። ስለዚህ ዜሮ የሚለው ቁጥር ተጠጋግቶ የተጻፈ ነው፤ መቶ ግራም ላይ ሲታይ ወደ 1 ግራም ቅባት አለበት። ስሙም በጥንቃቄ መነበብ አለበት። ያው ደንብ መደበኛው «የተቀነባበረ ቺዝ ምግብ» ቢያንስ 51 በመቶ ቺዝና 23 በመቶ ቅባት እንዲኖረው ያዛል፤ ሊጨመሩ የሚችሉትንም ግብዓቶች ይዘረዝራል። የወተት ፕሮቲን ኮንሰንትሬት፣ ማለትም ፕሮቲኑ እንዲበዛ ተጣርቶ የተዘጋጀ የወተት ውጤት፣ በዝርዝሩ ውስጥ የለም። እሱን የሚጠቀሙ አምራቾች ዕቃቸውን «የቺዝ ውጤት» ወደሚል ስም የሚያዞሩት ለዚህ ነው።

አንድ ስላይስ በግምት 30 ካሎሪ፣ ከ4.5 እስከ 5 ግራም ፕሮቲን፣ 2.5 ግራም ያህል ካርቦሃይድሬት፣ 150 ሚሊግራም ካልሲየምና 270 ሚሊግራም ገደማ ሶዲየም ይዟል። ቅባቱ ያልወጣለት በተመሳሳይ ክብደት ከ60 እስከ 70 ካሎሪና ከ4 እስከ 5 ግራም ቅባት አለው፤ ፕሮቲኑ ግን ያነሰ ነው። ከካሎሪው አንፃር ከታየ የፕሮቲኑ ጉዳይ በእርግጥ የሚያስመሰግነው ነው።

የሚያስወቅሰው ሶዲየሙ ነው። የዓለም ጤና ድርጅት ለአዋቂ በቀን ከ2000 ሚሊግራም በታች ይመክራል። ሁለት ስላይስ ቺዝ በሁለት ቁራጭ ዳቦ መሃል ሲገባ ከዳቦው ጋር 800 ሚሊግራም ሊጠጋ ይችላል፤ ያውም ካም ወይም ሶስ ሳይጨመርበት። ደም ግፊት ያለበት ሰው ማሸጊያውን ሲያገላብጥ ከቅባቱ መስመር ይልቅ ወደ ሶዲየሙ መስመር ቢወርድ ይሻለዋል።

ይህ ሁሉ ሶዲየም የሚመጣው ከገበታ ጨው ብቻ አይደለም። በወተት ውስጥ ኬዚን የተባለውን ፕሮቲን አያይዞ የሚያቆመው ካልሲየም ነው። ሶዲየም ሲትሬትና ሶዲየም ፎስፌት ሲጨመሩ ካልሲየሙን ይነጥቁና ሶዲየም ይተኩበታል፤ ፕሮቲኑም ይላቀቅና ውሃ ይጠጣል። በመደበኛው ቺዝ የተላቀቀው ፕሮቲን ቅባቱን ይዞ እንዳይለይ ያደርጋል። እዚህ የሚይዘው ቅባት ስለሌለ ሥራው ውሃ መያዝ ብቻ ይሆናል። ከስላይሱ 60 በመቶ ያህሉም ውሃ ነው። እንደ እውነቱ ከሆነ ሲበላ የሚታኘከው በጨው የተያዘ የወተት ፕሮቲንና ውሃ ነው።

የግብዓት ዝርዝሩ ከዚህ ይከተላል። ቅባቱ የወጣለት ወተት፣ የወተት ፕሮቲን ኮንሰንትሬትና አጓት ይቀድማሉ። ቅባት በፕሮቲኑ መረብ መሃል እየገባ ያለሰልሰው ነበር፤ እሱ ሲወጣ መረቡ ይጠብቅና ቺዙ እንደ ጎማ ይሆናል። ለዚህ ውሃ የሚይዙና የሚያለሰልሱ ካራጂናን፣ ዛንታን ገም፣ ስታርች ወይም ማልቶዴክስትሪን ይገባሉ። ውሃው ሲበዛ ሻጋታ ይወደዋል፤ ሶርቢክ አሲድ ይጨመራል፣ የተፈቀደውም እስከ 0.2 በመቶ ነው። ላክቲክ አሲድ ኮምጣጣነቱን ያስተካክላል። ቢጫው ቀለም ብዙ ጊዜ ከአናቶ ዘር ወይም ከፓፕሪካ ነው። ቫይታሚን ኤ ከቅባቱ ጋር አብሮ ስለሚወጣ ቫይታሚን ኤ ፓልሚቴት መልሰው ያስገቡበታል። ወተቱን የሚያረጉት ኢንዛይሞች ከእንስሳም ከረቂቅ ተሕዋስያንም ሊገኙ ይችላሉ፤ ሐላል ወይም ኮሸር የሚጠብቅ ሰው ከዝርዝሩ ሳይሆን ከማረጋገጫው ምልክት ነው የሚያውቀው።

አሠራሩ አጭር ነው። ሁሉም ተደባልቆ በእንፋሎት ይቀልጣል፤ በደንቡ ዝቅተኛው ሙቀት 65.5 ዲግሪ ሴልሺየስ ለ30 ሰከንድ ነው። ትኩሱ ቅልጥ በቀጥታ ወደ ፕላስቲኩ ይገባል፣ ተደፍጥጦ ይሳሳል፣ ይቀዘቅዛል፣ ይቆረጣል።

ገዢው የሚያማርረው ምጣድ ላይ ነው። እንቁላል ላይ ወይም ቶስት ላይ ጣል ተደርጎ እሳቱ ሲበረታ ጠርዙ ይደርቃል፣ ፊቱ ቆዳ ያወጣል፣ ሳይቀልጥ በፊት ቡናማ ይሆናል። ምክንያቱ ቀላል ነው፤ ሌላው ቺዝ ሲሞቅ የሚወጣው ቅባት ፊቱን ሸፍኖ እርጥበቱን ያቆይለታል፣ ይህኛው ሽፋን የለውም። እሳቱን መቀነስ፣ አንድ የሻይ ማንኪያ ውሃ ምጣዱ ዳር ጠብ አድርጎ ወዲያው መክደን፣ በእንፋሎቱ አንድ ደቂቃ ያህል መጠበቅ ይበቃል። ኦቨን ከሆነ ፊቱን በጣም ጥቂት ዘይት መቀባት ቆዳ እንዳያወጣ ይረዳል፤ ያኔ ግን «ከቅባት ነፃ» ማለቱ ይቀራል።

ለንጽጽር የእኛው አይብ በጣም ይጠቅማል፤ እሱም ቅባቱ ከወጣለት አሬራ ነውና። 79 በመቶ ገደማ ውሃ፣ 15 በመቶ የሚጠጋ ፕሮቲንና 2 በመቶ የማይሞላ ቅባት አለው። ሶዲየም ሲትሬትም እንደ ዛንታን ገም ያለ ሙጫም አይገባበትም፤ ጨው ካልተጨመረበት ሶዲየሙ ከስላይሱ እጅግ ያነሰ ነው። በሙቀትና በራሱ ኮምጣጣነት ስለሚረጋ ግን አይቀልጥም፣ ሲሞቅ ይፈረፈራል እንጂ። በካልሲየም በኩል ስላይሱ ይበልጣል፤ አሬራው ኮምጥጦ ሲረጋ ብዙው ካልሲየም በአጓቱ ይሄዳልና።

ሁለት ነገሮች ብዙ ጊዜ ይምታታሉ። «ከቅባት ነፃ» ማለት የጾም ማለት አይደለም፤ ዋናው ግብዓቱ ወተት ነው። ወተት ለሚያውካቸውም የሚመች ላይሆን ይችላል፤ ካርቦሃይድሬቱ በአብዛኛው ላክቶስ (የወተት ስኳር) ነው፣ ብዙ ወራት በቆየ ቼዳር በተባለው ጠንካራ ቺዝ ግን ላክቶሱ የለም ማለት ይቻላል። የኩላሊት ሕመምተኞች ደግሞ ፎስፌቱን ማየት አለባቸው። የተጨመረ ፎስፌት በተፈጥሮ ምግብ ውስጥ ካለው ይልቅ በቀላሉ ወደ ደም ይገባል፤ መጠኑም ብዙ ጊዜ ማሸጊያው ላይ በቁጥር ስለማይጻፍ በግብዓት ዝርዝሩ ውስጥ «ፎስፌት» የሚለውን ቃል መፈለግ ነው።

ከተከፈተ በኋላ በ4 ዲግሪ ወይም ከዚያ በታች፣ አየር በማያስገባ ከረጢት ይቀመጣል። ፍሪዘር አይስማማውም፤ በረዶው ሲቀልጥ ውሃው ይለይና ስላይሱ ገና ከፕላስቲኩ ሲላጥ ይሰባበራል።